ዓርብ ከሰዓት ያየሁት ቤት

ጅቡቲ ውስጥ ስድስት ዓመት ኖሬ ከተማውን አላውቀውም ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ እኔ ግን እውነቴን ነው። የምኖረው ሄሮን በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር፣ ማዳም ቤት ነበር፤ ከኩሽናው ጀርባ አንድ አልጋ ብቻ በምታስገባ ክፍል። ገበያ የምሄደው በማዳም መኪና፣ የምመለሰውም በማዳም መኪና ነው። ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ የትኛዋ ሻጭ የበሰበሰውን ቲማቲም ከሥር እንደምትደብቅ አሳምሬ አውቃለሁ። ከዚያው ገበያ ሄሮን ድረስ በየትኛው ሚኒባስ እንደሚመጣ ቢጠይቁኝ ግን መልስ የለኝም። አዳሪ ሆኖ ሰው ቤት የሠራ ይህ ይገባዋል። የምናውቀው ግቢውን እንጂ አገሩን አይደለም።

አንድ ቀን ታላቅ እህቴ ከድሬዳዋ ደወለችልኝ። ልጄን ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገችልኝ እሷ ናት። ልጄ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል።

«ቪዛዬ ወጣ» አለችኝ። ዓረብ አገር ለሥራ ልትሄድ ስትለፋ ዓመት አልፏታል። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን ቸገረኝ።

«እሷን የት ላድርጋት?» አለች ቀጥላ።

ከእህቴ ሌላ የነበሩት የልጄ አባት ዘመዶች ናቸው፤ እነሱም ገጠር፣ ልጄ አንድ ቀን እንኳን አይታቸው የማታውቅ ሰዎች። የራሴን ልጅ ለሰው ማስረከብ አንዴ አድርጌዋለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም ብዬ ስልኩን ዘጋሁትና ሄጄ ለማዳም ነገርኳት።

ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። ቡናዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ልጅ እዚህ ማሳደር አንችልም፣ ክፍሏን ታውቂያታለሽ አለች። ያም ሆኖ ውጭ አድሬ እየመጣሁ ልሠራ እንደምችል፣ ነገር ግን የእሷ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣታቸው በፊት፣ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እዚህ መገኘት እንዳለብኝ ነገረችኝ። ካልሆነ የምታድር ሰው መፈለግ ሊኖርባት ነው። ይህን የመጨረሻውን ስትናገር ዓይኔን አላየችኝም፤ ስለዚህ የምሯን እንደሆነ ገባኝ።

ነገሩ እንግዲህ ይኼው ነበር። በጊዜ ሄሮን የምታደርሰኝ፣ ደግሞም አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሳ እኔ እስክመጣ ብቻዋን የምትቆይባት አንዲት ክፍል። ካገኘሁ ልጄ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ካላገኘሁ ወይ ሥራዬን አጣለሁ ወይ ልጄ ገጠር ትገባለች።

የእረፍት ቀኔ ዓርብ ነው፤ ዓርብም ቢሆን ምሳ ካነሳሁ በኋላ። ለቤት ፍለጋው አብረውኝ የወጡት ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እማማ ናቸው። አባታቸው በባቡሩ ዘመን ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ስለነበሩ፣ እሳቸው ተወልደው ያደጉት ጅቡቲ ነው። ከተማውን እንደ መቀነታቸው ያውቁታል። እኔ ደግሞ ምንም ሳላውቅ ሕግ አወጣሁ፦ በሩ የብረት ይሁን፣ ሚኒባስ ቅርብ ይሁን፣ የጫት ጠረጴዛ ደጁ ላይ አይኑር። በተለይ በሦስተኛው ቀልድ አላውቅም። ሴት ልጅ ነው የማሳድገው፤ ጉንጩ በጫት ያበጠ ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ የሚውልበት ቦታ አላመጣትም።

መጀመሪያ ያየነው አምቡሊ ነበር። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ እንዲያውም ለእኛ ይበዛል። እማማ ግን አጠገቡ ወዳለው የደረቀ ወንዝ አሸዋ እያዩ፣ ዝናብ የጣለ ቀን ይህ ደረቅ ነገር ምን እንደሚያመጣ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ። ሚኒባሱም ሩቅ ነበር። ተውነው።

ሁለተኛው ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ጥግ ላይ ነው። ከአጥሩ ፊት አንዲት ሶማሌ ሴትዮ ጃንጥላ ዘርግታ፣ በእርጥብ ጆንያ የሸፈነችውን ጫት ጠረጴዛዋ ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን ሾፌሮች ተኮልኩለዋል፤ ይጮኻሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ጥሩንባ ይነፋሉ። ግቢው ውስጥ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ ይጋራል። ገባ ብዬ እንኳን አላየሁም። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጥዬ፣ እማማን በክንዳቸው ይዤ አለፍኩ። እሳቸው ወደ ኋላ እየዞሩ «ኧረ ቆይ እንጠይቅ» ይሉኛል፤ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሦስተኛውን ሳይ ልቤ አረፈ። ከዚያው ዋና መንገድ አንድ ሁለት መታጠፊያ ገባ ያለች ጠባብ መንገድ ናት። ግራና ቀኙ ረጃጅም የግንብ አጥር፣ ግንቡ ነጭ፣ መሬቱ የተጠረገ። ሰው የለም። ድምፅ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነበረው ፀጥታ የማዳምን ሳሎን ያስንቃል። በሩ የብረት ነው፤ ቁልፍ የሚንጠለጠልበት ወፍራም ቀለበት አለው።

እማማ መሃል መንገዱ ላይ ቆመው ወዲያና ወዲህ አዩ። «ልጄ፣ እዚህ ሰው የለም እኮ» አሉ።

«እማማ፣ እኔ የምፈራው ሰው አይደል እንዴ?» አልኳቸው።

አሸነፍኩ ብዬ ኮራሁ፤ ቤቱንም ያኔውኑ ተከራየሁት። ወደ ዋናው መንገድ ስንመለስ ሚኒባስ ረጅም ሰዓት አስጠበቀን። እሱንም ዓርብ ስለሆነ ነው አልኩና ተውኩት። አሁን ሳስበው የገዛ ጆሮዬን ብጎትተው ደስ ይለኛል። የሚያስፈልገኝ የሥራ ቀን ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ ያለውን ከተማ ማየት ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት አዳሪ ሠራተኛ የምትወጣበትን የዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያች ሰዓት እየወጣሁ፣ ከተማው ሁልጊዜ እንደዚያ የሚውል መስሎኝ ኖሬያለሁ።

ልጄ በባቡር መጣች። ናጋድ ጣቢያ ሄጄ ተቀበልኳት። ከእህቴ ጎረቤት ጋር ነው የመጣችው፤ እጇን እንደ ትልቅ ሰው ዘርግታ ጨበጠችኝ። እኔ አቅፌ ላነሳት ነበር፣ ቁመቷ ደግሞ ደረቴ ደርሷል። ልብሷን የያዘችበት ቦርሳ እህቴ ከጆንያ የሰፋችላት ነው፤ ማንገቻው ከቀይ ጨርቅ የተሠራ። ላግዝሽ ብላት አልሰጥም አለችኝ።

ማዳም ፍራሽ ሰጥታን ነበር። ግድግዳው ላይ ሚስማር መታሁ፣ የካርቶን ሣጥንም አዘጋጀሁላት። ልብስሽን አውጪና ስቀዪ ስላት «ይደርሳል» አለችኝ፣ ያውም በአሮጊት አነጋገር። ቦርሳው እንደታሰረ ከፍራሹ ራስጌ ተቀመጠ። በማግሥቱም ያው። የሚያስፈልጋትን ታወጣለች፣ የታጠበውን አጥፋ መልሳ ትከታለች፣ ማሰሪያውን ታጠብቃለች። ቀስ ብላ ትለምዳለች ብዬ ተውኳት።

ጠዋት ጠዋት ሁሉም ነገር እንደ ቅቤ ነበር። ገና ሳይነጋጋ ዋናው መንገድ ላይ ሚኒባስ በሚኒባስ ላይ ነው። ከአሥራ ሁለት ተኩል በፊት ማዳም በር ላይ ነኝ። ልጄን የጠዋቱ ትምህርት ቤት ስድስት ሰዓት ላይ ይለቃታል፤ ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። እኔ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ ጨርሼ፣ ስምንት ተኩል ላይ እቤት ልደርስ። ዕቅዴ ይህ ነበር፤ ዕቅዱን የማያውቁት ሾፌሮቹ ናቸው።

ጫት ከተማው የሚገባው ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት መንገዱ ያበደ ይመስላል፤ ሁሉም ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ግን፣ ጉድ ነው፣ ሚኒባሱ ሁሉ መሬት ይውጠው ሰማይ አይታወቅም። ሾፌሩም ረዳቱም ጫታቸውን ይዘው ጥላ ይገባሉ፤ እስከ አሥር ሰዓት የሚያነቃቸው የለም። እኔ ሄሮን መንገድ ዳር ቆሜ የሚፈላውን አስፋልት አያለሁ። መጀመሪያ ቀን አርባ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ከዚያ በእግሬ ነካሁት። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትም ያው፤ ጥቂት እሮጣለሁ፣ ጎኔን ሲወጋኝ እራመዳለሁ፣ ልጄ ትዝ ስትለኝ ደግሞ እሮጣለሁ። ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ እየተሳደብኩ ነበር የምሄደው፤ ሾፌሮቹን፣ ጫቱን፣ ፀሐዩን፣ ከሁሉ ይበልጥ ራሴን።

እቤት ስደርስ ልጄ በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ለማንም እንዳትከፍቺ ያልኳት እኔው ነኝ። ፈራሽ እንዴ ስላት «አልፈራሁም» ትላለች። ቦርሳው ግን አጠገቧ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ካምሲኑ ነፈሰ። ያ ነፋስ ሲመጣ ዓይን አያስከፍትም፤ አሸዋውና ሙቀቱ አንድ ላይ ፊት ይገርፋል። ያን ቀን ማዳም እንግዳ ነበራት፣ ስምንት ሰዓት አልፎ ወጣሁ። እየሮጥኩ ስደርስ የብረት በራችን ላይ ቁልፉ እንደተንጠለጠለ ነው። ቀረብ ብዬ ሳይ መክፈቻው ከመሃሉ ተሰብሮ ግማሹ ውስጡ ቀርቷል። የባሕሩ አየር ብረት እንደሚበላ ስድስት ዓመት ሙሉ የማዳምን በሮች ዘይት ስቀባ ኖሬ፣ የራሴን አልቀባሁትም።

ልጄ የለችም።

ስሟን ጠራሁ። ያ የወደድኩት ረጅም ግንብ ድምፄን መለሰልኝ። የጎረቤቱን በር ደበደብኩ፤ ማንም የለም ወይም ተኝቷል። የሚቀጥለውን ደበደብኩ። የሚቀጥለውን። በመጨረሻ አንድ ሰው ከግንቡ ውስጥ ሳይከፍት ምን ፈለግሽ አለኝ፤ ልጅ አይተሃል ወይ ስለው፣ የምን ልጅ አለ። ሦስት ሳምንት በበሩ ያለፈችውን ልጅ አያውቃትም። የሚያውቃት ሰው በዚያች ንጹሕ መንገድ ላይ አልነበረም። እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ እሪ ብል የሚወጣ ሰው እንደሌለ ስለገባኝ ብቻ ተነሥቼ ሮጥኩ።

የሮጥኩት ሰው ወዳለበት ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ያለበት ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ዋናው መንገድ ጥግ ላይ፣ ነፋሱ በሚያንገላታው ጃንጥላ ሥር፣ ልጄ የለስላሳ ሣጥን ገልብጣ ተቀምጣለች። እርጥብ ጨርቅ ራሷ ላይ ጣል ተደርጎላታል። በእጇ ጣሳ ይዛ ጫቱ የተሸፈነበት ጆንያ ላይ ውሃ ትረጫለች፤ እንደ ሥራ።

ማመስገን ሲገባኝ ያደረግኩትን ልናገር። ክንዷን አፈፍ አድርጌ ከሣጥኑ ላይ አነሣኋት። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እዚህ!» ብዬ ጮኽኩ። ሾፌሮቹ ዞረው አዩን።

ጫት ሻጯ ሴትዮ አልተቆጣችም። ድሬዳዋ ያደገች ኖሮ አማርኛዋ ከእኔ ባይሻል ነው።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ልጅሽ ውሃ ጠጥታለች» አለችኝ። «አንቺስ ጠጥተሻል?»

አልጠጣሁም። ጣሳውን ሰጠችኝ። ስጠጣ ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ፤ ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለቅሶዬ መጣ። ልጄ ያኔ ነው ቀሚሴን ይዛ በቀስታ የጠየቀችኝ፦ «አሁን ልትመልሽኝ ነው?»

ቦርሳው ለምን እንዳልተፈታ ገባኝ። የትም አትሄጂም አልኳት፤ ግን በምን ቤት፣ በምን ሚኒባስ እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር።

ሴትዮዋ ሌላ ሣጥን ገልብጣ አስቀመጠችኝ። ልጄ ቁልፉ ሲሰበርባት ብዙ በር አንኳኩታ፣ የሚከፍትላት ስታጣ እዚህ እንደመጣች ነገረችኝ። ከዚያ ሳቀች።

«አንቺን አውቅሻለሁ» አለችኝ። «ያን ዓርብ ነጠላሽን አፍንጫሽ ላይ አድርገሽ ያለፍሽው አንቺ ነሽ። ከአሮጊቷ ጋር።»

ኩም አልኩ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«እኔ ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ነኝ» አለች። «ልጅሽ በየቀኑ ስድስት ሰዓት አልፎ በዚህ በኩል ታልፋለች፤ ቀይ ማንገቻ ያለው ቦርሳ አንዳንዴ ይዛ ትወጣለች። ወዴት እንደምትሄድ ሳስብ ነበር። ከኋላዬ ያለችው ክፍል አሁንም ባዶ ናት። ገብተሽ እያት። ቤት በአፍንጫ አይታይም።»

ገብቼ አየኋት። ጠባብ ናት፤ ጣውላዋ የተላላጠ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ግቢው ውስጥ አንዲት እናት ልብስ ታጥባለች፣ ሁለት ሴት ልጆች ጠጠር ይጫወታሉ፤ አንዷ ልጄን በስሟ ጠራቻት። ከአንድ ትምህርት ቤት ናቸው። ሦስት ሳምንት ከግንብ ጋር ስታወራ የከረመች ልጅ መልስ ስትሰጥ ሰማሁ።

«የሚኒባሱስ ነገር?» አልኳት ተመልሼ። «ስምንት ሰዓት ላይ ከሄሮን የሚያመጣኝ የለም። ሁሉም ይጠፋሉ።»

«የት ይመስልሻል የሚጠፉት?» አለች።

ዞር ብዬ አየሁ። አጥሩ ጥላ ሥር ሚኒባሶቹ ተደርድረዋል፤ ሄሮን ቆሜ የረገምኳቸው ሁሉ። አንዱን ወፍራም ሾፌር ጠራችና በሶማልኛ ተናገረችው። ሰውዬው እጁን አወናጨፈ፣ ማለ፣ ወደ ሰማይ አየ። እሷ ለእሱ ለይታ ያስቀመጠችውን የጫት እሥር አንሥታ ከጆንያው ሥር መልሳ ከተተችው። ወዲያው ሰውዬው ለሰለሰ።

«ከነገ ጀምሮ መጨረሻውን ዙር በሄሮን በኩል ይመጣል» አለችኝ። «አንቺን ካላመጣ ጫቱን አያይም።»

በሳምንቱ ዓርብ ዕቃችንን አጓጓዝን። እማማ ጠረጴዛውን ሲያዩ ፊታቸውን ቋጠሩ፤ ከዚያ ግቢውን ሲያዩ ፈቱት። «ያን ጊዜ ቆይ እንጠይቅ ስልሽ» ብለው ጀመሩና፣ ዓይኔን አይተው ተዉኝ። ለልጄ ጫት መንካት የለም፣ የሾፌሮቹ መኪና ውስጥ መግባት የለም ብዬ ሕግ አወጣሁ። ሴትዮዋ የእኔን ሕግ ሰምታ በላዩ ላይ የራሷን ጨመረችበት፦ የቤት ሥራ ሳይሠራ ጠጠር የለም። ሁልጊዜ አንስማማም። ገና ስድስት ሰዓት ላይ ለልጄ ሳምቡሳ እየሰጠቻት ምሳዋን አትበላልኝም፤ በዚህ ተጣልተን ሁለት ቀን ተኮራርፈናል። በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ ሳያመጣኝ ይቀር ይሆን ብዬ ሰጋሁ። መጣ፤ ኩርፊያዋ ከእኔ ጋር እንጂ ከመንገዱ ጋር አይደለም።

ሾፌሩ ስምንት ሰዓት ላይ ማዳም በር ፊት ጥሩንባ ይነፋል። ማዳም መጀመሪያ ሰሞን በመስኮት እያየች ትገረም ነበር። አሁን ሰዓቷን በሱ ታስተካክላለች፤ «ያንቺ ሰው መጣ» ትለኛለች፣ ሳህን በእጄ እያለ እንኳን።

ባለፈው ሳምንት ነው። ከሚኒባሱ ስወርድ ጠረጴዛው ላይ አንድ የማውቀው ነገር አየሁ። ጫቱ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል፤ ከጆንያው ጠርዝ ላይ ቀይ የማንገቻ ስፌት ተሰቅሎ ይታያል። ቦርሳው በመቀስ ተተርትሮ፣ ተዘርግቶ፣ ውሃ ጠጥቶ ተኝቷል። ደሜ ፈላ። እህቴ በእጇ የሰፋችው፣ ስንት አገር አቋርጦ የመጣ ነገር! ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ወደ ልጄ አመለከተች፤ እኔ የለሁበትም ማለቷ ነው።

ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ጠጠር ይዛ ነበር። «ቦርሳሽን ቀደድሽው?» ብዬ ጮኽኩባት።

«የሷ ጆንያ አርጅቶ ነበር» አለች፣ ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውራ እየቀለበች። «ልብሴን ሚስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ።»

«ታዲያ ቦርሳው ነገ ቢያስፈልግሽስ?»

ጠጠሩን ያዘችና ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደማይገባው ሰው ነው ያየችኝ።

«የት ልሄድበት?» አለችኝ።